የአብኔር በረዶ

ኡካያሊ ወንዝ ዳር ባለችው ሆስፒታል ላቦራቶሪ የምትሠራው ኔሊዳ ከአብኔር ጋር የተዋወቀችው በቁጣ ነው። አብኔር በሞተር ጀልባው ከየመንደሩ ጤና ኬላ ናሙና የሚያመላልስ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያመጣው ሽንት በፀሐይ ሞቆ ተበላሽቶ ነበር።

«ይሄ ናሙና ነው ሾርባ? ሁለተኛ ያለ በረዶ እንዳታመጣብኝ! ምንም ይሁን ምን፣ በረዶ!»

«እሺ እመቤቴ። እኔስ በረዶ ውስጥ ገብቼ ልምጣ?»

ሳቋን ለመደበቅ ዞር አለች። ከዚያ ወዲህ በረዶ ጎድሎ አያውቅም። ከበረዶው ጎን ደግሞ በቅጠል የተጠቀለለ ሩዝና ዶሮ ይመጣላት ጀመር። ስለ ፍቅር አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም፤ የበረዶውን ሳጥን ስትቀበለው ግን ጣቶቻቸው ቶሎ አይላቀቁም።

አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ፊቱ አመድ መስሎ ገባ። እናቱ ዶኛ ኤርሜሊንዳ አንገታቸው ደርቆ፣ ትኩሳት አቃጥሏቸው፣ ልጃቸውን መለየት አቅቷቸዋል። የመንደሩ ሐኪም ከጀርባቸው አከርካሪ በመርፌ ፈሳሽ ወደ ብልቃጥ ቀድቶ ወዲያው መድኃኒት ጀምሮላቸዋል።

«ስድስት ሰዓት መንገድ ነው፤ በረዶውን ሁለቴ ቀየርኩት» አላት። «ልክ እንዳልሽኝ።»

ብልቃጡን ስትይዘው ክው አለች። የጀርባ ፈሳሽ በረዶ ሊነካው አይገባም። የማጅራት ገትር ባክቴሪያ የሰው ገላ ሙቀት የለመደ ስለሆነ፣ ከቀዘቀዘ ይሞታል። ይህን ነግራው አታውቅም። «ምንም ይሁን ምን» ያለችው ራሷ ናት።

«ባክቴሪያው ይበቅላል አይደል ኔሊዳ?»

«እሞክራለሁ» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችውም።

ፈሳሹን ማብቀያው ሳህን ላይ ቀባችው። አርብ ሳህኑ ባዶ ነበር። ቅዳሜም ባዶ። ባክቴሪያው ካልበቀለ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው አይታወቅም፤ መድኃኒት ከተጀመረ ወዲያ ደግሞ ዳግም መቅዳቱ ብዙም ተስፋ የለውም። ሐኪሙ በግምት የጀመረውን ቀጠለ። እሑድ ጠዋት ዶኛ ኤርሜሊንዳ አረፉ።

ከቀብር በኋላ ወደቡ ላይ አገኘችው።

«ያ ፈሳሽ መቀዝቀዝ አልነበረበትም፤ በረዶ ያልኩህ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ቢሰድባት በተሻላት ነበር።

«ሁለቴ ቀየርኩት እኮ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። የጀልባውን ገመድ ፈትቶ ሄደ።

ሦስት ወር ሙሉ ሳጥኑን ሌላ ሰው አመጣው። ኔሊዳ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ልቧ ይዘል ነበር። ይቅር በለኝ ለማለት እንኳ አፍ አልነበራትም፤ ናፍቆቱ ግን አላስቀምጥ አላስተኛ አላት።

አንድ ማክሰኞ አብኔር ራሱ ገባ። ከስቷል። ሳጥን አልያዘም። የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ከደረቱ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለ ብልቃጥ አወጣ።

«የሰባት ዓመት ልጅ ናት፤ አንገቷ ደርቋል» አላት። «ንኪው እስቲ። መንገዱን ሙሉ ከደረቴ አላወረድኩትም።»

ብልቃጡ ይሞቃል። እንባዋ ቀደማት።

«ነገ ነው የሚታወቀው፤ ላይበቅልም ይችላል» አለችው።

«እጠብቃለሁ» አለና አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።