ሦስት ጉርሻ

ሸዋዬ ላስ ቬጋስ አጠገብ ሰንራይዝ ማነር በሚባለው ሰፈር ካለው ትንሽ የታይ ምግብ ቤት ስትደርስ የአሳምነው አስከሬን ከተነሣ ሁለት ቀን ሆኖታል። የተቀመጠበት ወንበር ግን እንደወደቀ ነው፤ የሚያነሣው አልተገኘም። አዲስ አበባ ላይ ሃያ ዓመት ወንጀል መርምራ አሁን የሆቴል ጥበቃ የምትመራውን ይህችን ሴት የጠራቻት አስተናጋጇ ኢናስ ናት።

«እትዬ ሸዋዬ፣ ‹አንቺ ነሽ የገደልሽው› እያሉኝ ነው» አለች ኢናስ። «ኦርደሩን ሁለቴ ቼክ አድርጌአለሁ። ለውዝ እንደማይስማማው ኪችኑ በሙሉ ያውቃል።»

ሸዋዬ ማባበል አይሆንላትም። መርማሪው ፖሊስ ያሳያትን የሐኪሞች ወረቀት አነበበች። ሰውየውን የገደለው ለውዝ ነው፤ ሳህኑ ላይ በተረፈው ምግብ ግን ቅንጣት ለውዝ አልተገኘም። ልጅቷ ላይ ጣቱን ለመቀሰር የቸኮለ ሁሉ ይህን መስመር ዘሎታል።

በማዕዱ የቀረቡት አራት ነበሩ፤ አሳምነው፣ ሚስቱ ብርቅታይት፣ ወንድሟ ኪዳነወልድና በአንድ ሆቴል ወጥ ቤት ከአሳምነው ጎን የሚሠራው ስምዖን። ፋሲካ ማለፉ ነው፣ የኮሮና ክትባቱንም ተከትበዋል። ከዓመት በላይ አብረው አልበሉምና፣ በእጅ የሚበላውን የሚጣበቅ ሩዝ እያድቦለቦሉ ሦስቱም አሳምነውን አጎረሱት። ብዙም ሳይቆይ ጉሮሮው ተዘጋ። ብርቅታይት የአለርጂ መርፌውን ከመኪና ይዛ ስትመለስ ነፍሱ ወጥታ ነበር። የተፈጨ ለውዝ የያዘው ብልቃጥ ከኋላቸው ባለው ጠረጴዛ ላይ፣ ለሦስቱም እጅ ቅርብ ነበር።

ሸዋዬ አንድ በአንድ አነጋገረቻቸው። ኪዳነወልድ ስለ አሮጌ መኪናው ሳይቀር ብዙ አወራ፤ ስምዖን በአጭር በአጭሩ መለሰ። ብርቅታይትን ሰሞኑን በባሏ ላይ የተለወጠ ነገር እንዳለ ጠየቀቻት።

«ደግ ሆነልኝ» አለች ብርቅታይት። «ሼፍ አይደል፣ የእኔን ወጥ ሳይተች በልቶ አያውቅም። በጥር ኮሮና ከያዘው ወዲህ ግን ያረረውን እንኳ ጣፈጠኝ ይለኛል።»

በማግስቱ ሁሉንም እዚያው ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። መርማሪው ፖሊስ በሩ አጠገብ ቆሟል።

«ለውዙ የመጣው በጉርሻ ነው» አለች ሸዋዬ። «ለውዝ ደግሞ አፍ ውስጥ ሲገባ ያስታውቃል። አሳምነው ግን አላምጦ ዋጠው። ሽታውንም ጣዕሙንም ኮሮና ወስዶበት ነበር። ሥራውን እንዳያጣ ደበቀ።»

ብርቅታይት ቀና አለች።

«አንቺ አታውቂም፤ ፍቅር መስሎሽ ነበር። ኪዳነወልድም አያውቅም፤ ባለፈው ሳምንት ‹መኪናዬ ቤንዚን ይሸትሃል ወይ?› ብሎ አሳምነውን ጠይቆታል። ታዲያ የማይሸተው ሼፍ አራት ወር እንዴት ሠራ? ሌላ ሰው እየቀመሰለት። የሆቴሉን አለቃ ጠየቅሁ፤ ከጥር ወዲህ ድስቱን ሁሉ የሚቀምስለት ስምዖን ነው። ለውዙን እንደማይለየው እርግጠኛ የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

ስምዖን አልካደም። ታኅሣሥ ላይ ሰክሮ ሲነዳ ኖርዝ ላስ ቬጋስ ውስጥ ሰው ገጭቶ ገድሎ ማምለጡን፣ አሳምነውም አጠገቡ ተቀምጦ እንደነበር ተናገረ። አንዱ የሌላውን ገመና ይዘው ከረሙ፤ አሳምነው ግን እንቅልፍ አጣ።

«‹ሐሙስ አብረን ፖሊስ ጋ እንሂድ፣ ብቻህን አልልክህም› አለኝ» አለ ስምዖን።

«ለምን በጉርሻ?» አለችው ብርቅታይት።

«ከእጄ እንደማይመልሰው ስለማውቅ።»

ፖሊሱ ይዞት ወጣ። ሸዋዬ ወደ ኢናስ ዞራ፣ «ልጄ፣ በደሙ የለሽበትም» አለቻት። ኢናስ ሦስት ቀን ያመቀችውን እንባ ለቀቀችው። ብርቅታይት ልጅቷን በየለቅሶው ስትረግማት ሰንብታለች፤ አሁን ይቅርታ ልትጠይቃት አፏን ብትከፍት የወጣው ሌላ ነበር።

«ስምዖን ሲያጎርሰው ‹ድገመው እንጂ› ያልኩት እኔ ነኝ» አለች።

ኢናስ ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች።