ጥቁሩን ከረሜላ የማፈላው እኔ ነበርኩ

«አኒስ ከረሜላ አለሽ?» አለኝና ጥቁሩን ጠርሙስ አመለከተ።

እኔና አባቴ ከረሜላ አፍልተን እንሸጣለን። ይሄ የአውቶቡስ ሹፌር ከዚያ በፊት ደጃችን ደርሶ አያውቅም። ምን ልዋሽ፣ ዓይኔ እሱ ላይ ቀረ...

«እሱ ሊኮሪስ ነው። አኒሱ ያኛው ነው።»

«ሽታቸው አንድ አይደል እንዴ?»

«አፍንጫ ያታልላሉ እንጂ ዝምድና የላቸውም። አኒስ ዘር ነው፣ ቀለል ይላል። ሊኮሪስ ግን ሥር ነው። ተቀቅሎ ይጠቁራል፣ ጣፋጭነቱም አፍ ላይ ይቆያል።»

«አንቺ የምታፈዪው የቱን ነው?»

«ጥቁሩን። አኒሱ የአባቴ ነው።»

«እንግዲያው ጥቁሩን ስጪኝ።»

ያን ቀን «አልቋል» ብዬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ ይመጣ ጀመር። አንድ ከረጢት ይገዛል፣ እዚያው ቆሞ እየበላ ያስቀኛል። ሲሄድ ልቤ አብሮት ይሄዳል። ብቻ እየዋለ እያደረ አንድ ነገር ደስ አላለኝም። ፊቱ አበጠ። ጫማው ስለጠበበው ክሩን ፈትቶ መሄድ ጀመረ። አንድ ቀን ከረጢቱ ከእጁ ወደቀና ማንሳት አቃተው።

«አሞሃል?»

«መሪ ሲከብድ እንዲህ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሳቁ አላሳቀኝም። በማግስቱ ቀረ። ጠበቅሁት፣ የለም። ሌላ አግኝቷል ብዬ በንዴት አንድ ድስት ከረሜላ አሳረርኩ።

በመጨረሻ የመጣችው እህቱ ናት። የእኔን ከረሜላ ከነከረጢቱ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ከአውቶቡሱ መቀመጫ ሥር ነው ያገኘሁት። ምን አድርገሽበት ነው? ወንድሜ የልቡ ምት እየተዛባ ሆስፒታል ተኝቷል። ሐኪሞቹ ምክንያቱ ጠፍቷቸዋል።»

«የሚበላውን አልጠየቁትም?»

«ጠይቀውታል። የተለየ ነገር አልበላሁም ይላል። ደግሞስ እሱ ጣፋጭ መቼ ይወዳል? ሻዩን እንኳ ያለ ስኳር ነው የሚጠጣው። የደም ግፊት እያለበት...»

«ግፊት አለበት?»

«አልነገረሽም?»

አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁትም። ሊኮሪስ ግፊት ላለበት ሰው መርዝ እንደሆነ አባቴ ገና ድስት ሳያስነካኝ ነው የነገረኝ። አኒሱን ቢበላ ኖሮ ምንም ባልሆነ።

ተያይዘን ሄድን። ለዶክተሩ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ ሰማኝና መድኃኒቱን ቀየረ።

«በጊዜ ደርሰሻል፣ ይተርፋል» አለኝ። «ልቡና ጡንቻው ስለተጎዳ ግን ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም።»

አልጋው ላይ ከስቶ ግማሽ ሆኖ አገኘሁት።

«ለሐኪሞቹ ለምን አልነገርካቸውም?»

«ይከለክሉኛላ። ከከለከሉኝ ምን ብዬ እመጣለሁ?»

«በገዛ እጄ ልገድልህ ነበር እኮ...» አልኩና አለቀስኩ።

«አሁን ሳልገዛ ብመጣ አባትሽ ምን ይሉኛል?» አለ።

«አማቹን ምን ልትገዛ መጣህ የሚል ማን አለ?»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። እጄን ሊይዝ እጁን አነሳ፣ ጣቶቹ ግን አልታጠፉለትም። እኔው አንድ በአንድ በእጄ ላይ አጠፍኳቸው።