ታጥቦ የጠበቃት አውሮፕላን

አጠበው። ያውም በአልኮል፣ ያውም በብሩሽ እየፈተገ።

ቀቢዋ እጇ ላይ ያለውን ትንሽ ግራጫ አውሮፕላን አገላብጣ አየችው። ትናንት ወርክሾፑ ውስጥ ትታው ስትሄድ ክንፉ ሥር የጭስ ጥላሸት፣ ሆዱ ላይ የዘይት ፍሳሽ፣ መውጫው አጠገብ ደግሞ አብራሪው እየረገጠ የላጠው የሚመስል ቀለም ነበረበት። ከመዳፍ በማይበልጥ አውሮፕላን ላይ ያንን ሁሉ እድፍ በቀጭን ብሩሽ ስትስል ወር ሙሉ አንገቷ ደርቋል።

«ቆሽሾ ሳየው ነው እኮ» አለ አታሚው።

ሬዚን የሚባለውን ፈሳሽ በማሽን እያደረቀ ትንንሽ የጦር አውሮፕላኖችን የሚያትመው እሱ ነው። ከማሽን የወጣውን ሁሉ በአልኮል ማጠብ ልማዱ ነው። እሷም እስከዚያ ቀን ለጨዋታ የሚታዘዙትን የሚያብረቀርቁ አድርጋ ነበር የምትቀባው፤ ጦር ሜዳ ደርሶ የተመለሰ የሚመስል ስትሠራ ይኼ የመጀመሪያዋ ነው።

«ጥላሸቱን ብቻ ላነሳ ነበር። ቀለሙ ተከትሎ መጣ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ... ግማሹን ከምተወው ብዬ ጨረስኩት።»

«ስልኬን አታውቀውም? አንድ ቃል መጠየቅ አቃተህ?»

«ላስደስትሽ ብዬ ነው።»

ይኼ ነው ያንገበገባት። ዓመት ሙሉ በዓይኑ እየተከተላት አንድ ቃል ሳይተነፍስ ኖሮ፣ ፍቅሩን በአልኮል ገለጠላት።

እናቷ ደግሞ ቁርጡን ነግራታለች፤ ነገ በሚከፈተው የትንንሽ አውሮፕላኖች ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዋን አይቶ የሚያዛት ካልተገኘ፣ ከሰኞ ጀምሮ አክስቷ ፋርማሲ ገንዘብ ተቀባይ ትሆናለች። «አሻንጉሊት ስትቀቢ ልታረጂ ነው?» ነበር ያለቻት።

«ነገ ፊትህን እንዳላይ» አለችውና በሩን በላዩ ላይ ደርግማበት ወጣች።

በማግስቱ ከእናቷ ጋር ስትደርስ ግን እሱ ቀድሟት ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሟል። ራቁቱን የቀረውን አውሮፕላን አስቀምጦ፣ በግራና በቀኙ ሁለት ትልልቅ ፎቶዎች አቁሟል። እንዴት አድርጎ እንዳጸዳው ሊያሳያት ከማጠቡ በፊትና በኋላ ያነሳቸው ናቸው። ደሟ ፈላ።

«ይኼ ቆሻሻ ይመስላችኋል?» ይላል ለተሰበሰበው ሰው፣ የመጀመሪያውን ፎቶ እያሳየ። «እኔም መስሎኝ ነበር። አውሮፕላኑን ያተምኩት እኔ ነኝ፣ የተሸወድኩትም እኔው ነኝ። ቀለም ነው። የሳለችው እሷ ናት፤ ያጠብኩት ጅል እኔ።»

ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ወደ ፎቶው ተጠጋ። እንዲህ ያሉ አውሮፕላኖች የሚሰበስቡ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አስተካክለው ብዙ ካዩ በኋላ፣ «ለእኔም ሦስት አውሮፕላን እንዲህ አቆሽሺልኝ፣ ልጄ። ይኼ ሰውዬ ግን አጠገባቸው እንዳይደርስ» አሏት።

እናቷ ከፎቶው ዓይኗን አልነቀለችም። «እውነት እድፍ አይደለም?»

«አይደለም፣ እማዬ።»

«እንግዲያው ሰኞ እንዳትጠብቅሽ ለአክስትሽ እኔው እደውልላታለሁ» አለችና ለመደወል ወደ ውጭ ወጣች።

የቀቢዋ ንዴት ግን አልበረደም። «ሰው ሁሉ እየሳቀብህ ነው» አለችው።

«ይሳቁ። አንቺን ከማጣ ይሻለኛል።»

ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን አልሸሸም።

«ሁለተኛ ሳትጠይቀኝ የእኔን ነገር እንዳትነካ።»

«አልነካም።» ጠረጴዛው ላይ ያረፈ እጇን አየ። «ይኼንንስ? ልያዘው?»

«አሁን ጠየቅህ» አለችው።

ዛሬ አንድ ቤት ውስጥ ናቸው። እሱ ዕቃ በሚያጥብበት ቀን፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳ ቢሆን፣ መጀመሪያ አንገቱን ከማድ ቤት ብቅ አድርጎ ይጠይቃታል፦ «ይኼ ይታጠብ ወይስ ሥራሽ ነው?»

ያ ንዴት አንዳንዴ ይመለስባታል። ያን ጊዜ «ሥራዬ ነው» ትለዋለች፤ ብርጭቆው እንደቆሸሸ ያድራል።