ሌላ (ይገለጽ)

ውሃው ወገባቸውን ሲያልፍ የበቅሎ ነጂዋ ጮኸች። «ጋሼ፣ ወረቀቱን ይጣሉትና የበቅሎዋን ጭራ ይያዙ!»

«ሳጥኑ» የሚባለው ሰውዬ ጭራውን ያዘ እንጂ ወረቀቱን አልጣለም። በስታቲስቲክስ ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሠራ ሰውን ሁሉ ቅጽ ላይ ባሉ ሳጥኖች ሲከፋፍል ስለኖረ ይህን ስም ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። የቅጾቹን ጥቅል አናቱ ላይ ተሸክሞ፣ ጎርፉ እያላጋው እንኳ ሥራውን አልረሳም።

«ለመሆኑ አንቺ የምትጓዢው ለምንድን ነው? አንድ፣ ሥራ። ሁለት፣ ቤተ ዘመድ። ሦስት፣ ሕክምና። አራት፣ መዝናናት። አምስት፣ ሌላ።»

«ልንሞት እኮ ነው!»

«አምስት ልበል?»

ማዶ ሲደርሱ ነጂዋ ከጫማዋ ውሃ እያፈሰሰች ለበቅሎዋ ብቻ የሚሰማ ስድብ ተሳደበች።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቅጹ ሰባተኛ ጥያቄ፣ «የጉዞ ምክንያት» የሚለው፣ ሳጥኑ ራሱ ያረቀቀው ነበር። አሁን ከሚሄዱበት ተራራ አናት ላይ ካለው ኬላ የሚመጣው ቅጽ ግን ስንት ዓመት ሙሉ አምስት ቁጥር ላይ ብቻ ምልክት ተደርጎበት ይመጣል። «ጠባቂው ቁጭ ብሎ ራሱ እየሞላው ነው» አለ አለቃው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልጠራ ጥያቄው ይሰረዛል።» ሳጥኑ ልጁን የነጠቁት ያህል ደነገጠ። ለሚስቱ «ታዝዣለሁ፣ ልሄድ ነው» አላት። «አንተን? የከተማ አውቶቡስ የሚያዞርህን?» ብላ ሳቀችበት። ሳቋ እስከ ወንዙ ድረስ ተከተለው።

ከወንዙ ቀጥሎ በረዶ ወረደባቸው። ከበረዶው ቀጥሎ ገደሉ ላይ የዝንጀሮ መንጋ ጠበቃቸው። አውራው ጥቅሉን ቀምቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና ገጽ በገጽ ገለጠው፤ ሦስቱን በላ። ሳጥኑ በዕድሜው ድንጋይ ወርውሮ አያውቅም። ያን ቀን ወረወረ፤ በቅሎዋን መታ። በቅሎዋ ደንግጣ ስትራገጥ ዝንጀሮው ጥቅሉን ጥሎ ፈረጠጠ።

«ጎበዝ ተኳሽ!» አለች ነጂዋ፣ የተበተነውን እየለቀመች።

በስድስተኛው ቀን ጠባቡ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሽፍቶች ከነጠመንጃቸው ብቅ አሉ። ወንድማማቾች ነበሩ።

«እጅ ወደ ላይ!»

ሳጥኑ እጁን ከነእስክሪብቶው አነሳ። ፍርሃት አንደበቱን ሲፈታው የወጣው የለመደው ቃል ነበር። «የጉዞ ምክንያት?»

«ሥራ ነዋ! አታይም?» አለ ታላቅየው።

«እኔን ቤተ ዘመድ በለኝ» አለ ታናሽየው። «ጎትቶ ያመጣኝ እሱ ነው።»

«ማን ጎተተህ? ካልሄድኩ ብለህ እናታችንን ያስለቀስክ አንተ አይደለህም?»

«እኔ የፈለግሁት ከተራራው ወዲያ ያለውን ማየት ነበር! ዝረፍ ያልከኝ አንተ!»

ታላቅየው ጠመንጃውን ዝቅ አደረገ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ለምን አልነገርከኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ነጂዋ ሳጥኑን በክርኗ ጎሸም አድርጋ በቅሎዋን ቀስ ብላ ነዳች። መታጠፊያውን ሲያልፉ ወንድማማቾቹ ገና ከልጅነታቸው ጀምረው እየተወቃቀሱ ነበር።

ኬላው አንዲት የድንጋይ ክፍል ነበረች። ጠባቂው፣ ብርድ ልብስ የተከናነቡ ሽማግሌ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሳጥኑ ስድስት ቀን ያጠናውን ወቀሳ አወረደባቸው።

«አባቴ፣ አምስት ቁጥር ላይ ብቻ ምልክት ሲያደርጉ እጅዎ አልዛለም?»

«ሲደርሱ ሥራ ይላሉ፣ ዘመድ ይላሉ» አሉ ሽማግሌው። «ትንፋሻቸው ተመልሶ ወዲያ ማዶ ሲያዩ ግን ‹አባባ፣ እሱን ይሰርዙልኝ› ይሉኛል።»

«ታዲያ ‹ይገለጽ› የሚለው ላይ ለምን አይጽፉም?»

«መስመሩ ከአንድ ጣት አይበልጥም። በሌላ ወረቀት ይጽፋሉ፤ መላኩ ክልክል ሆነ እንጂ።» ቅጹን ገልብጠው አሳዩት፦ ተጨማሪ ወረቀት ማያያዝ በጥብቅ የተከለከለ ነው።

ሳጥኑ ዓረፍተ ነገሩን ያውቀዋል። ለጥራት ብሎ የጻፈው ራሱ ነው።

ሽማግሌው አንድ ጆንያ ጎትተው አወጡ። እስከ አፉ ወረቀት ሞልቶበታል። ሳጥኑ ተንበርክኮ አነበበ። «ከባሌ ማንኮራፋት ሸሽቼ።» «እዚያ የሚያውቀኝ ስለሌለ ምናልባት ደግ ሰው እሆናለሁ ብዬ።» «ልጄ ከሞተች ወዲህ ቤቱ ሰፋብኝ።» እዚህ ላይ ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ አፈረና ብርዱን ሰበብ አደረገ። ጥያቄው ድኗል፤ ማስረጃው ጆንያ ሙሉ ነው። ደስታው ግን እንዳሰበው ከጥያቄው መዳን ብቻ አልመጣም።

«አንተስ ልጄ?» አሉት ጠባቂው ባዶ ቅጽ እየዘረጉ። «ሳይሞላ የሚያልፍ የለም።»

«እኔማ ታዝዤ...»

«ማን አዘዘዎት?» አለች ነጂዋ። «ደብዳቤ እንኳ የለዎትም!»

እውነቷን ነው። ማንም አላዘዘውም፤ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ ነው የመጣው። ቀና ብሎ ወዲያ ማዶ አየ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ጉዞ ሲቆጥር እሱ ከከተማው ዳር ወጥቶ አያውቅም፤ በተጓዦቹ ቀንቶ ነበር።

አምስት ቁጥር ላይ ምልክት አደረገ። መስመሩ በሁለተኛው ቃል አለቀ። ወደ ኅዳጉ ወጣ፣ ገለበጠው፣ ጀርባውን ሞላው፣ የገዛ ክልከላው ላይ ሳይቀር ጻፈበት።

«ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ!» አለች ነጂዋ።

«አባቴ፣ ተጨማሪ ወረቀት ይኖርዎታል?»

«ክልክል ነው» አሉት ጠባቂው፤ ሦስት አቀበሉት።