መምህር ስብሐት የሰበሰባት ቃል

መምህር ስብሐት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የደም ግፊት ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ እንደተወ ከቤት ወጣ። ከዚያ ወዲያ ያየው ሰው ጠፋ።

ሚስቱ የዓለምወርቅ መጀመሪያ ተቆጣች። ቀጥላ ፈራች። የቀጨኔን ቁልቁለት እየወረደች፣ እየወጣች በየቤቱ አንኳኳች። አይተነዋል የሚል የለም። ስልኩ ዝግ ነው።

አርብ ገና በማለዳው ፖሊስ ጣቢያ ተገኘች። ተረኛው ፖሊስ ቀና ሳይል ይጽፍ ጀመር።

«ዕድሜያቸው?»

«ሰባ አንድ።»

«ሥራ?»

«ጡረተኛ ነው። የእንግሊዝኛ መምህር ነበር።»

«የተጣሉት ሰው አለ?»

አመነታች። «ጎረቤታችን ቱሉ። በአጥር ምክንያት ሦስት ዓመት ሙሉ ስንካሰስ ኖረናል።»

ቱሉን አመጡት። ቀኝ እጁ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«እጅህን ምን ነካህ?»

«ቆርቆሮ ቆረጠኝ። ደግሞ እኔና መምህር ታርቀናል። ረቡዕ ዕለት፣ ማንም ሽማግሌ ሳይገባ፣ በሩ ላይ ቆመን ታረቅን።»

«ማን አየ?»

«እግዜር።»

ማንም አላመነውም። የዓለምወርቅማ በጣቢያው ግቢ ውስጥ ሰው እስኪሰበሰብ ጮኸችበት። «ባሌን የት አደረግኸው? ዘርህ አይባረክ!» ቱሉ አንገቱን ደፍቶ ቻለው።

ይዞ ወደ ቤት የመለሳት ዮናስ ነበር። ዮናስ የእህቷ የብርነሽ ልጅ ነው። የዓለምወርቅና ስብሐት ልጅ ስላልነበራቸው ከአምስት ዓመቱ ጀምሮ አሳድገውታል። አሁን ሃያ ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ የሰው ቪትዝ መኪና ይነዳል። የዱባይ ቪዛው መጥቶለት ሰኞ ማታ ሊበር ሻንጣ ያዘጋጃል።

«እቴቴ፣ አንቺ አትንከራተቺ» አላት። «ሆስፒታሎቹን እኔ በመኪና አዳርሳለሁ።»

ሄደ። ተመለሰ። «የትም የለም» አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ የስብሐትን ደብተር ይዞ ከጓዳ ወጣ።

ደብተሩን የዓለምወርቅ በደንብ ታውቀዋለች። ስብሐት ጡረታ ሊወጣ ሲል አንድ ተማሪ «መምህር፣ ራን ማለት መሮጥ አይደል? ታዲያ ውሃ ምን እግር አለውና ራን ያደርጋል?» ብሎ ጠየቀው። ቤት ገብቶ መዝገበ ቃላቱን ቢገልጥ የዚያች ባለ ሦስት ፊደል ቃል ፍቺ ገጽ ተሻግሮ ገጽ ይሞላል። ተደነቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ «ራን» ያላትን ፍቺ ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ይሰበስብ ገባ። ለያንዳንዱ ፍቺ ቁጥርና ቀን ይሰጣል፤ አንድ ምሳሌ ይጽፋል። ሁሉንም በእንግሊዝኛ። «አንዲት ቃል ስታሳድድ ዕድሜህ አለቀ» ትለው ነበር። እሷ አማርኛ እንጂ እንግሊዝኛ አታነብም።

ዮናስ የተጻፈበትን የመጨረሻ ቅጠል ከፍቶ ታችኛው መስመር ላይ ጣቱን አኖረ።

«አይ ሃቭ ቱ ራን፣ ይላል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ራን መሮጥ ነው። መሸሽ አለብኝ ማለቱ ነው። እቴቴ፣ ጥሎን ሄዷል።»

«ከምን ነው የሚሸሸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ሰው ሲያረጅ ሐሳቡ ይበተናል።»

ተረኛው ፖሊስ ያንን ገጽ በስልኩ ፎቶ አነሳ። «አዋቂ ሰው ናቸው፤ በፈቃዳቸው ነው የሄዱት» አለ። ቱሉ ተለቀቀ። ፋይሉ መሳቢያ ገባ።

የዓለምወርቅ ግን መቀበል አቃታት። አርባ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር ስብሐት ከተቆጣ ሰውም፣ ከዕዳም፣ ከበሽታም ሲሸሽ አላየችውም። እሑድ ከመድኃኔዓለም ቅዳሴ ወጥታ ፎቶውን በየምሰሶው ለጠፈች። ሽሮ ሜዳ ተራ የሚጠብቁትን የሚኒባስ ረዳቶች አንድ በአንድ ለመነች። አስፋልት ዳር ቁጭ አለችና ክኒኑ የቀረበትን ቀን በጣቷ ቆጠረች። ሐሙስ፣ አርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ። ሬሳውንም ቢሆን ስጡኝ፣ አለች ለራሷ። ወዲያው በራሷ ደነገጠችና አማተበች።

ሰኞ ጠዋት ደብተሩን በነጠላዋ ሸፍና ጣቢያ ተመለሰች።

«ሌላ እንግሊዝኛ የሚያነብ ሰው ስጡኝ» አለች። «እስክታገኙልኝ ከዚህ አልነሳም።»

ጩኸቱን ሰምታ አንዲት ረጅም ሴት ከውስጥ ወጣች። ምክትል ኢንስፔክተር ናዝሬት ትባላለች። የደብተሩን ሽፋን ስታይ ቆም አለች።

«የመምህር ስብሐት እጅ ጽሕፈት አይደለም? አስተምረውኛል እኮ!»

ቢሮዋ አስገብታ አስቀመጠቻት። የመጨረሻውን ገጽ አየች። ግንባሯ ተቋጠረ።

«እማማ፣ ይኼ ደብዳቤ ነው ያለዎት ማን ነው?»

«አይደለም እንዴ?»

«ቁጥር አለው። መቶ ስድሳ ሦስት። ሌላ ፍቺ ነው። አይ ሃቭ ቱ ራን ፈረንጅ ሲሰናበት የሚለው ነገር ነው፤ 'በሉ ልሂድ፣ ቸኩያለሁ' እንደ ማለት። ሽሽት የለበትም።»

የዓለምወርቅ ተንፈስ አለች። ናዝሬት ግን ወደ ኋላ ትገልጥ ጀመር።

«መምህር ምሳሌ ስንጽፍ ፈጠራ አይወዱም ነበር። 'ያየኸውን ጻፍ፤ ያላየኸውን ተወው' ነበር የሚሉን። እስቲ ይስሙኝ። 'የግቢያችን ቧንቧ ሌሊቱን ሙሉ ራን ሲያደርግ አደረ።' ሲፈስ አደረ ማለታቸው ነው። 'አዲሱ ነጠላ በመጀመሪያው እጥበት ራን አደረገ።' ቀለሙ ለቀቀ።»

«እውነት ነው። የኔ ነጠላ ነው።»

«'ይህን ቤት ራን የምታደርገው የዓለምወርቅ ናት፤ እኔ እንግዳ ነኝ።' የምታስተዳድረው ማለት ነው።»

የዓለምወርቅ የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ወሰደች። እንዲህ ብሎ ጽፎ አንድም ቀን አልነገራት።

ናዝሬት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መቶ ስድሳ አንድ። ያለፈው ረቡዕ ነው የተጻፈው። 'ከቱሉ ጋር የነበረን ጠብ ዛሬ ራን ኢትስ ኮርስ።' ጊዜውን ጨርሶ አበቃ ማለት ነው። ታርቀዋል፣ እማማ።»

የዓለምወርቅ የረገመችው እርግማን ጆሮዋ ላይ ተመልሶ ጮኸባት።

«መቶ ስድሳ ሁለት» አለች ናዝሬት። መስመሩን ሁለት ጊዜ በዓይኗ ሄደችበት። «ራን ኦቨር። በመኪና መግጨት ነው። 'ያሳደግነው ልጅ ሀያምን ገጫት። አልቆመም።'»

የዓለምወርቅ ወደ ደብተሩ ጎንበስ አለች።

ሀያም ሽሮ ሜዳ የሸማ ሱቅ ያለው የኢስሐቅ ልጅ ነበረች። ከሁለት ሳምንት በፊት ከሱቅ ስትመለስ መኪና ገጭቷት አመለጠ። በሦስተኛው ቀን ሞተች። የዓለምወርቅና ስብሐት ለቅሶ አብረው ደርሰዋል። ስብሐት ከዚያ ቤት ከተመለሰ በኋላ እህል አልወርድለት ብሎ ነበር። ኀዘን መስሏት ነበር።

ናዝሬት የመጨረሻውን ቅጠል ገለጠች። ያ ዓረፍተ ነገር ከጀርባው ይቀጥላል፤ ማንም አልገለጠውም ነበር።

«'አይ ሃቭ ቱ ራን፣ አለኝ ያሳደግነው ልጅ፣ የመኪናውን የፊት መብራት ለምን እንደቀየረ ስጠይቀው።'» ደብተሩን ከደነችው። «እማማ፣ ያሳደጋችሁት ልጅ ማን ነው?»

የዓለምወርቅ አወቀች። የአምስት ዓመት ሕፃን ሆኖ እናቱ ጥላው ስትሄድ ቀሚሷን ይዞ ያለቀሰው ታያት። ዝም ብትል ዛሬ ማታ ይበራል። ስብሐትስ? ስብሐት የት ነው?

«ዮናስ» አለች። «ዛሬ ማታ አገር ጥሎ ይሄዳል።»

ዮናስን ሻንጣውን ሲዘጋ አገኙት። የዓለምወርቅ አልወጣም ብላ በምርመራ ክፍሉ ጥግ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ከሰዓት የት ነበርክ?» አለች ናዝሬት።

«ሥራ ላይ።»

«መምህርን ጭነሃቸው ነበር?»

«አልጫንኩም።»

«ሆስፒታል ሁሉ ፈልጌ አጣኋቸው ብለሃል። የትኞቹን?»

«ብዙ ናቸው።»

«ሦስት ጥራልኝ።»

የእጅ ሰዓቱን አየ።

«አንድ ጥራ።»

ወደ በሩ ተመለከተ።

ደብተሩን ከፈተችለት። «ይቺን መስመር አንብብልኝ።»

«ዘ ቦይ... ራን ኦቨር...»

«ፍቺው?»

«ልጁ... ልጁ ሮጠ...»

«ገጨ ማለት ነው። ሀያምን ገጫት፣ አልቆመም ይላል። አንተን ነው። አጎትህ የጻፉብህን ሳታነብ፣ የመጨረሻዋን መስመር ብቻ አይተህ ራስህ አምጥተህ ሰጠኸን።»

የዮናስ ፊት ዐመድ መሰለ። ከዚያች ቃል እሱ የሚያውቀው አንድ ፍቺ ብቻ ነበር።

«የት ነው ያለው?» የዓለምወርቅ ከወንበሯ ተነሳች። «ስብሐት የት ነው፣ ዮናስ?»

እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ ማውራት ጀመረ። ኢስሐቅ ልጁ ከወደቀችበት ያነሳውን የመብራት ስባሪ ለለቅሶ ደራሽ ሁሉ ሲያሳይ መምህሩ አይቷል። ቤት መጥቶ ከቆሻሻው ውስጥ የቀረውን ግማሽ አገኘ። ዮናስን «ወይ አንተ ትናገራለህ፣ ወይ እኔ እናገራለሁ» አለው።

«እስክሄድ ድረስ ብቻ ዝም በሉኝ ብዬ እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ከተከሰስኩ ዱባይ ይቀራል፤ ሕይወቴ ያልቃል። 'የሀያምስ ሕይወት?' አሉኝ። ሐሙስ እጄን ልሰጥ ነው አብረን እንሂድ ብዬ መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። ከሽሮ ሜዳ በላይ፣ ወደ እንጦጦ ይዣቸው ወጣሁ። እንደገና ለመንኳቸው። እንቢ ብለው ወረዱ፤ በእግራቸው ወደ ጣቢያ መውረድ ጀመሩ። ገፋኋቸው። ገደሉ ሥር ሲወድቁ ሰማሁ። ስልካቸውንና መታወቂያቸውን መኪናው ውስጥ ትተውት ነበር፤ ጣልኩት።»

«ወርደህ አላየኸውም?»

«ፈራሁ።»

«አርብም ቅዳሜም እኔ ስዞር እያየኸኝ?»

«እቴቴ፣ እባክሽ ለእናቴ አትንገሪብኝ» አለ።

«እኔስ እናትህ አልነበርኩም?» አለችው።

ናዝሬት ስልኩ ላይ ነበረች። በአራተኛው ሆስፒታል አንዲት ነርስ «ቆዪ እስቲ» አለች። አርብ ማለዳ እንጨት የሚሸከሙ ሴቶች አንድ ሽማግሌ ከገደል አንስተው አምጥተዋል። ስሙ አይታወቅም። በሕይወት አለ።

የዓለምወርቅ ጫማዋ ወልቆ መቅረቱን ያወቀችው ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ነው። ስብሐት ራሱ በፋሻ ተጠቅልሎ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ተኝቷል። ዳሌው ተሰብሯል። ያለ ክኒኑ በቆየበት ጊዜ ግፊቱ ወጥቶ ቀኝ ጎኑን አስሮታል፤ አንደበቱም ተይዟል። ሐኪሙ በቀስታ ነገራት። በመጀመሪያው ቀን የሚያውቀው ሰው ደርሶ ክኒን ይወስድ እንደነበር ተናግሮ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እዚህ አይደርስም ነበር።

«ስብሐት፣ እኔ ነኝ።»

ዓይኑ ወደ እሷ ዞረ። እንባው በጎን በኩል ወረደ። ግራ እጁ አንሶላው ላይ እየዳሰሰ እጇን አገኘ፤ ያዘው።

ምሽት ላይ ቱሉ በታሰረ እጁ ብርድ ልብስ አቅፎ መጣ። ተነስታ ቦታዋን ለቀቀችለት። እሱም ብርድ ልብሱን ስብሐት እግር ላይ ዘርግቶ በሩ አጠገብ ቆመ።

ማክሰኞ ጠዋት ለእህቷ ለብርነሽ ደውላ ሁሉንም ነገረቻት። ጩኸቷን እስከ መጨረሻው ሰማች። የምስክርነት ቃሏ ላይ ፈረመች። ከዚያ በእግሯ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣች።

ኢስሐቅ ሱቁ ውስጥ ጋቢ ያጥፋል። ሲያያት ብድግ አለ።

«እትዬ የዓለምወርቅ፣ መምህር ተገኙ የሚባለው እውነት ነው?»

«ኢስሐቅ፣ ከሌላ ሰው ሳትሰማ ብዬ መጣሁ።» የበሩን መቃን ያዘች። «ሀያምን የገደላት ዮናስ ነው። እኔ ያሳደግሁት ልጅ። ስብሐት ይህን ልናገር ብሎ ነው ገደል የተጣለው።»

ኢስሐቅ የያዘውን ጋቢ መደርደሪያው ላይ አኖረ። መልሶ አነሳው። መልሶ አኖረው። መንገዱ ላይ ሚኒባስ ጥሩምባ ነፋ። የዓለምወርቅ ስድብም፣ ምራቅም፣ ዱላም ቢመጣ ልትቀበል ቆማ ጠበቀች።

«መምህር በሕይወት አሉ?» አለ በመጨረሻ።

«አለ። መናገር ግን አይችልም።»

«አልሐምዱሊላህ።» ዓይኑን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ የሱቁን መዝጊያ አንድ በአንድ ማውረድ ጀመረ።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ወደሳቸው» አለ ኢስሐቅ። «ይምሩኝ።»