አስራ ዘጠኝ ትርፍ ቃላት

ቃል ቆጣሪው ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተዘርሯል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ስታየው የሥነ ጽሑፍ መጽሔቱ አዘጋጅ ሰዓቱን አየ።

«እባክሽ ቶሎ ጨርሽልን፤ ነገ ማተሚያ ቤት እንገባለን።»

ደሟ ፈላ። «ሰው እኮ ነው የሞተው!»

«ያሳዝናል። ግን አንዳንዴ ያዞረው ነበር። ሚስቱ ታች ግቢው በር ላይ እየጠበቀች ነው፤ አዙሮት ወደቀ እንበላትና ይለቅ።»

«እኔ ሳልፈቅድ ማንም አይነግራትም!»

ከቆጣሪው ኮት የተበጠሱ ሁለት ቁልፎች ከነክራቸው ላይኛው ደረጃ ላይ ወድቀው አገኘች። ያዞረው ሰው የገዛ ኮቱን ቁልፍ አይበጥስም።

መጽሔቱ ከመቶ ቃል ያልበለጡ ልቦለዶችን እያወዳደረ ነበር። ቆጣሪው እየቆጠረ ያለፉትን ለዳኛው ይሰጣል፤ የጸሐፊዎቹ ስም በታሸገ ፖስታ ይቆያል። ዳኛው ስመ ጥር ደራሲ ነው፤ አስር ዓመት ሙሉ አንዲት መስመር ጠብ ባይልለትም። ያን ጠዋት ፎቁ ላይ የነበሩት እሱ፣ አዘጋጁና ሠዓሊዋ የዳኛው ልጅ ብቻ ናቸው።

ሠዓሊዋ አልቅሳ ዓይኗ አብጧል። «እኔና አዘጋጁ አብረን ገጽ እያቀናን ነበር። አባባ ቆጣሪው አስር ቃል በቆጠሩ ቁጥር ድርሰቱ ላይ በእርሳስ ነጥብ ያደርጋሉ። ሁሌ እስቅባቸው ነበር፤ ምነው አፌን በቆረጠው!»

ዳኛው ግን አዛጋ። «አስሩን ያለፉ ድርሰቶች ጠዋት በእጁ ሰጠኝ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።»

መርማሪዋ ጥርሷን ነክሳ ወረቀቶቹንና የቆጣሪውን ደብተር አገላበጠች። ከዚያ ሦስቱንም ሰበሰበቻቸው።

«ዘጠኙ ድርሰቶች ነጥብ አላቸው። ቁጥር አርባ አንድ የለውም።»

«ረስቶት ይሆናላ» አለ ዳኛው።

«ደብተሩ እንዲህ ይላል፦ ‹ቁጥር አርባ አንድ፣ መቶ አስራ ዘጠኝ ቃል፣ አላለፈም።› እዚህ ያለው ግን ልክ መቶ ቃል ነው። ቆጣሪው ያላየው ያጠረ ቅጂ እንዴት እርስዎ ‹በእጁ ሰጠኝ› ካሉት መሀል ተገኘ?»

የቁጥር አርባ አንድን ፖስታ ቀደደችው። የሠዓሊዋ ስም ወጣ።

«እኔ?» ልጅቷ ብድግ አለች። «እኔ በሕይወቴ ድርሰት ጽፌ አላውቅም!» ወደ አባቷ ዞረች። «አባዬ... አንተ ነህ?»

የዳኛው ፊት ደም መሰለ። «ዳኛ አይወዳደርምና በስምሽ አስገባሁት። ባሳጠርኩት ቀይርልኝ ብዬ ለመንኩት፤ እኔ፣ ያንን ሰውዬ! ለአዘጋጁ እናገራለሁ ብሎ ሊሄድ ሲል ኮቱን ያዝኩት። እኔን! ድርሰት ምን እንደሆነ የማያውቅ ቆጣሪ እኔን ይጣለኝ?»

«ያዝከው፣ ከዚያስ?» አለች መርማሪዋ።

«ገፋሁት።»

ልጅቷ ፊቷን ሸፈነች። አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እንግዲህ... ለሚስቱ ምን እንበላት?»

መርማሪዋ የዳኛውን ክንድ ጨምድዳ ወደ በሩ ወሰደችው።

«እሱ ነው የሚነግራት። ውረድ!»

«ምን ብዬ?» አለ ዳኛው።

«ደራሲው አንተ አይደለህ?»