ለእንግዶች የተተወ ዝምታ

«ላኪልኝ! አሁኑኑ ላኪልኝ!» የአክስቷ ልጅ ባቢሪዬ በስልኩ ውስጥ ጮኸች። «አባትሽ ጋሽ ዋስዋ? ከኮፍያ ጋር ሲያወሩ?»

ናሉንጋ ሳቋን ለማፈን የሶፋውን ትራስ ነከሰች። አባቷ በዚያው ቤት፣ ከመኝታ ቤቱ በር ጀርባ እየሠራ ነው፤ ሳቅ ደግሞ ግድግዳ አያግደውም።

ነገሩ የመጣው ከእሷው ብልጠት ነው። አባቷ ቤት ሆኖ በሚሠራባቸው ቀናት የቢሮውን ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፤ ማተሚያው ግን ያለው ሳሎን፣ ከአሮጌው ኮምፒውተር ጋር ነው። ፍላሽ እንዳይሰካ ቢሮው ከልክሎታል። ስለዚህ ናሉንጋ ሁለቱን በቤቱ ዋይፋይ አገናኘችና፣ «አባዬ፣ ‹የጋራ› የሚለውን ፎልደር ብቻ ነው የምታጋራው። ሌላ ምንም እንዳትነካ!» አለችው።

«እሺ እሜቴ» አለ አባቷ። ከዚያም ሁሉንም አጋራ።

ዛሬ የቤት ሥራዋን ልታትም ኮምፒውተሩን ስትከፍት፣ የአባቷ ላፕቶፕ በሩ እንዳልተዘጋ ቁም ሳጥን ወለል ብሎ ጠበቃት። የቢሮ ሪፖርት፣ የደንበኞች ውል፣ ከመሃላቸው ደግሞ «የጣሪያ ጥገና» የሚል ቪዲዮ።

ጣሪያቸው አያፈስም። ከፈተችው።

አባቷ ረጅሙን ነጭ ካንዙ ለብሶ፣ ኮት ደርቦበት፣ ባዶ ወንበር ፊት ቆሟል። ወንበሩ ላይ ኮፍያው ተቀምጧል።

ቅዳሜ የሌላዋ ዘመዳቸው የናጋዋ ኩዋንጁላ ነው፤ እጮኛዋን ለቤተሰቡ የምታስተዋውቅበት ቀን። የሁለቱ ወገን ተናጋሪዎች ድንኳን ሙሉ ዘመድ እየሰማ በነገር ይወጋጋሉ። የወንዱ ወገን ምላሱ እንደ ምላጭ የሆነ ተናጋሪ ቀጥሯል። የሴቷ ወገን ተናጋሪ ደግሞ የናሉንጋ አባት ነው፤ ጎረቤት ሰላም ሲለው እንኳ የሚያልበው ሰው። እሱ ከተንተባተበ የሚሳቀው በናጋዋ ነው።

«በግሩፑ ልቀቂው!» አለች ባቢሪዬ። «እስከ ቅዳሜ ሙድ እንይዝባቸዋለን!»

«ቆይ፣ በጣም የሚያስቀውን ቦታ ልቁረጠው።» ቪዲዮውን ስልኳ ላይ ገልብጣዋለች፤ የቀረው መላክ ብቻ ነው። እንደገና ከፈተችው።

«እንግዶች» አለ አባቷ ለኮፍያው፣ «መንገድ ጠፍቷችሁ ነው ወይስ ከዝናብ ልትጠለሉ?» ጥያቄው ጥሩ ነበር። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም። ከዚያ ዝም አለ። እንግዳው እንዲመልስ ቦታ መተዉ ነው። ኮፍያውን በትህትና እያየ ጠበቀ፤ ራሱንም ነቀነቀ። ኮፍያው ግን ምን ይበል? «እ... እኛማ...» አለ አባቷ በኮፍያው ፋንታ፤ ጉሮሮውን ጠርጎ ከመጀመሪያው ጀመረ።

አምስት ጊዜ ጀመረ። ሁልጊዜ የሚወድቀው ከዝምታው በኋላ ነው።

ናሉንጋ ለሳቁ የያዘችውን ትራስ አስቀመጠች።

«ላክሽው?»

«አልልክም።»

«ለምን?»

«ስለ ጣሪያ ጥገና ነው። ያሰለቻል።»

«አንቺ ፋራ!»

«ፋራ ነኝ። ቻው!»

ሻይ ይዛ አባቷ ክፍል ገባችና እንደ ወጉ ተንበርክካ ሰጠችው። «አባዬ፣ ላፕቶፑን አንዴ ልየው። የቢሮህ ነገር ሁሉ ሳሎን ወጥቶ ነበር።»

የአባቷ ስኒ አየር ላይ ቀረ። «ሁሉ? ምን... ምን አየሽ?»

«ውል። ብዙ ውል።» ከ«የጋራ» በስተቀር ሁሉንም ዘጋችና ቀና ሳትል ወጣች። ቀና ብትል ኖሮ ፊቷ ያጋልጣት ነበር።

ሳሎን ተመልሳ ድምፅ ልትቀዳ ስልኳን አፏ ላይ ደቀነች፤ ድምፅዋንም እንደ ሽማግሌ አወፈረች። «ጌታው! መንገድስ አልጠፋንም። ያበሰላችሁት የሙዝ ማቶኬ ሽታ ከኢንቴቤ ድረስ በአፍንጫችን ጎትቶ አመጣን!» ከዚያ አቆመች። ለአባቷ የሚበቃ ዝምታ ተወችለት። «የጣሪያ ጥገና ሁለት» ብላ ሰየመችውና «የጋራ» ውስጥ ከተተችው።

«አባዬ! የሚታተም ነገር አለህ እንዴ? ፎልደሩን እየው!»

ቆይቶ ከበሩ ጀርባ የራሷ ወፍራም ድምፅ ተሰማ፤ ማቶኬው፣ ኢንቴቤው፣ አፍንጫው። ቀጥሎ ጸጥታ። ረዘመ። ናሉንጋ ትራሱን አቀፈች። ተናዶ ይሆን?

ወንበር ተንቋቋ።

«ሽታው የጎረቤት ነው!» አለ አባቷ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «እኛ ሙዙን ገና አልላጥነውም!»

ከዚያ ብቻውን ሳቀ፤ ከልቡ ሳቀ።

ናሉንጋ ስልኳ ላይ ያለውን ቪዲዮ አጠፋች። ለሚቀጥለው መልስም ጉሮሮዋን ጠረገች።